የፎል ፎቶ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን በውል አስፍሩ

ለዋሽንግተንና ለአካባቢዋ ነዋሪ ወገኖቼ፣ በተለይም ልጆች ላሏችሁ ወላጆች፤

ሴፕቴምበር ሲገባ በየስልካችን የሚደረደሩትን የፎል (ቅጠል ቀልቶ የሚረግፍበት ወቅት) ፎቶ ማስታወቂያዎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ ቀይና ወርቃማ ቅጠል የተነጠፈበት መንገድ፣ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች እናት፣ በዱባ ክምር ላይ የተቀመጠ ሕፃን፣ ከሥሩም የቅናሽ ዋጋ። እኔም እ.ኤ.አ. በ2024 በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ተስቤ ገንዘቤን ከፈልኩ፤ ገንዘቡም ወቅቱም አለፉኝ፣ ልጄም ለዓይን ሕመም ተዳረገች። ሌላ ቤተሰብ በዚያው መንገድ እንዳይሄድ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ። የስቱዲዮውን ስም አልጠቅስም፤ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ከሰዎቹ ይልቅ የሽያጩን አካሄድ ነው።

ጥቅሉ 280 ዶላር ነበር። በቨርጂኒያ በሚገኘው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የተራራ መንገድ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ፎቶ ማንሳት፣ 15 የተስተካከሉ ፎቶዎች፣ ለልጆቹ የሃሎዊን ልብስ ኪራይ፣ ለታላቋ ልጄ ደግሞ በስጦታ መልክ ዓይን ውስጥ የሚደረግ፣ የዓይን ቀለም የሚለውጥ ኮንታክት ሌንስ ይጨምር ነበር። በመጀመሪያ በሐበሻ ልብስ ከቅጠሉ ጋር፣ ቀጥሎም ልጆቹ የሃሎዊን ልብሳቸውን ለብሰው ሊነሱ ተስማማን። ሃሎዊን የሚከበርበት ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት 21 ጋር ስለሚገጥም፣ በእኛ ቤት ጠዋት ለእመቤታችን ወርሃዊ በዓል ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ማታ ልጆቹን ከጎረቤት ልጆች ጋር ከረሜላ ሊለምኑ እንልካቸዋለን፤ ስለዚህ ሁለቱም ልብስ በአንድ አልበም ውስጥ መገኘቱ ለእኔ ትርጉም ነበረው። ቀጠሮው ኦክቶበር 19፣ ቅዳሜ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 5፡30 ነበር። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሜ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) ብልክ ቅናሽ እንደሚደረግልኝ ስለተነገረኝ በዚያው ዕለት ላክሁ።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት፣ መርሐ ግብር ስለተጣበበ ቀኑ ወደ ኖቬምበር 9 መዛወሩን፣ ሰዓቱ ግን እንዳለ መሆኑን የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ስጠይቅ፣ ቀብድ የማይመለስ መሆኑን፣ ሙሉ ክፍያም እንደ ቀብድ እንደሚቆጠር ነገሩኝ። በዚያን ጊዜ የሦስት ሳምንት መዘግየት ምን ያህል ጉዳት እንዳለው አላስተዋልኩም ነበር፤ ይህንን ጽሑፍ የምጽፍበት ዋናው ምክንያትም ይኸው ነው።

በሸናንዶዋ ቅጠሉ ቀለሙን የሚያፈካው አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀለሙ ከተራራው ጫፍ ጀምሮ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ መንገዱ ስካይላንድ በሚባለው ስፍራ አጠገብ እስከ 3,680 ጫማ ከፍታ ስለሚደርስ ላይኛው ክፍል ቀድሞ ይቀላል፣ ቀድሞም ይረግፋል። ኖቬምበር 9 በደረስንበት ጊዜ ከፍተኛው ቦታ ላይ የቀሩት ባዶ ቅርንጫፎች ነበሩ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በዚህ አገር በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኦክቶበር 19 ፀሐይ የምትጠልቀው 6፡30 ገደማ በመሆኑ፣ 5፡30 ላይ ፎቶ አንሺዎች እጅግ የሚወዱት ለስላሳው ወርቃማ ብርሃን ይገኛል። ኖቬምበር 9 ግን ፀሐይ የምትጠልቀው 5 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን ለውጦ ሰዓቱን እንዳለ መተው ማለት እንግዲህ በጨለማ መቅጠር ማለት ነው። በእርግጥም ሕፃናቱን በብርድ እያንቀጠቀጥን፣ ፊታችንን በፍላሽ እያስበራን፣ ከኋላችን ጥቁር ሰማይ ብቻ እያለ ተነሳን። የፎል ፎቶ የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ቀንንና ብርሃንን ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ከውሉ ከጎደሉ የተቀረው ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ።

ቤት ከተመለስኩ በኋላ በማስታወቂያው ላይ የነበሩትን ፎቶዎች በጉግል ሌንስ (ፎቶ በፎቶ በሚፈልገው የስልክ መሣሪያ) ብፈልጋቸው፣ ከመካከላቸው ሁለቱ በሌላ ክፍለ ግዛት የሚሠራ የሌላ ባለሙያ ሥራ ሆነው አገኘኋቸው። ይህ ፍለጋ አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስድም፤ ከመክፈሌ በፊት ባደርገው ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። ከ15ቱ ፎቶዎችም የላኩልኝ አምስት ብቻ ሲሆኑ፣ በመሐላቸው የስቱዲዮው ምልክት ታትሞባቸዋል፤ ምልክቱ እንዲነሳ፣ የቀሩትም እንዲላኩ ለእያንዳንዱ 25 ዶላር ተጠየቅሁ። በአሜሪካ ሕግ፣ በጽሑፍ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የፎቶው የቅጂ መብት ገንዘብ የከፈለው ሰው ሳይሆን ያነሳው ባለሙያ ነው። ስለዚህ ስንት ፎቶ፣ ያለ ምልክት፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚደርሳችሁና የማተም ፈቃድ እንደሚጨምር አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ስለ ኮንታክት ሌንሱ ለብቻው ልናገር። የ16 ዓመቷ ልጄ በስጦታ የተሰጣትን ሌንስ ለአንድ ሰዓት ያህል አድርጋው ቆየች፤ ማታ ዓይኗ ቀልቶ፣ እንባዋ እየፈሰሰ ብርሃን ማየት አቃታት። በማግስቱ የመረመራት የዓይን ሐኪም ኮርኒያዋ (የዓይን የፊተኛው ግልጽ ሽፋን) መቧጨሩን ነግሮን የፀረ ባክቴሪያ ጠብታ አዘዘላት፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ድናለች። ያልታወቀኝ ነገር ቢኖር፣ በዚህ አገር ለማማር ብቻ የሚደረግ፣ የማየት ችግርን የማያርም ሌንስ እንኳ በሕግ የሕክምና መሣሪያ መሆኑ ነው። ሻጩ የሐኪም ማዘዣ መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ምክንያቱም ሌንስ ከዓይን ቅርጽ ጋር ተለክቶ የሚሰጥ እንጂ ለሁሉም ልክ የሚሆን ነገር አይደለም። እባካችሁ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ወይም የሚሰጥ ሌንስ በልጆቻችሁ ዓይን ውስጥ አታስገቡ።

ገንዘቡን ለማስመለስ ባንኬን ስጠይቅ፣ በዜል በራሴ ፈቃድ የላክሁት ስለሆነ ሊሰርዘው እንደማይችል ተነገረኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ፣ ክፍያው የታየበት መግለጫ ከተላከ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ የማቅረብ መብት ይኖረኝ ነበር። የተደረገልኝ ቅናሽ 20 ዶላር ነበር፤ ለእርሱ ስል ያንን መብት ሸጥኩት። በኋላ ግን በሜሪላንድ ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አቅርቤ፣ ከረጅም ልውውጥ በኋላ 100 ዶላር ተመልሶልኛል። ይህ ካልበቃ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር በአነስተኛ የፍትሐ ብሔር ችሎት ማቅረብ ይቻላል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ባለሙያው የአገራችን ሰው ቢሆንም፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በዕቁብ ብታውቁትም ውል ከመጠየቅ አትፈሩ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሚጀመርበትን ሰዓት፣ ባለሙያው ራሱ ቀኑን ከለወጠ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡበት። ሐቀኛ ባለሙያ በዚህ አይከፋም፤ ዝናብና ነፋስ ቢመጣ ውሉ የሚጠቅመው ለእርሱም ጭምር ነው።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ቀናችሁ ወደ ኖቬምበር የተዛወረባችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ዝም ብላችሁ ወደ አዲሱ ቀጠሮ አትሂዱ። አዲሱን ቀን እንዳልተቀበላችሁና ገንዘባችሁ እንዲመለስ እንደምትጠይቁ ዛሬውኑ በጽሑፍ ላኩ፤ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ፣ የተላላካችሁትን መልእክትና የክፍያውን ማስረጃም ከስልካችሁ ሳይጠፋ ቅጂውን አስቀሩ።