አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ በደሴ አንድ የጀበና ቡና ቤት ስለሚሰጠው የኦስካር ትንበያ ወረቀት

ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ጦሳ ተራራን ከፊት ለፊቱ የሚያይ አንድ ጠባብ የጀበና ቡና ቤት አለ። ቡናው ጥሩ ነው፤ ጥሩ ቡና ግን በደሴ ብርቅ ስላልሆነ ለዚያ ብቻ ብዕር አላነሳም ነበር። እንድጽፍ ያደረገኝ ቤቱ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ የሚሰጠው አገልግሎት ነው። በእነዚህ ወራት ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ በሁለት ገጽ የታተመ የኦስካር ትንበያ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ወረቀቱ ላይ ዕጩ ይሆናሉ፣ በኋላም ያሸንፋሉ የሚላቸውን ሞልቶ ለባለቤቷ ያስረክባል። ለወረቀቱ የሚከፈል ነገር የለም፣ ገንዘብም አይያዝበትም። ቁማር እንዳይመስል አጥብቀው የሚጠነቀቁት ባለቤቷ ራሳቸው ናቸው፤ አንደኛ የወጣ ሰው የሚያገኘውም ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ብቻ ነው። እኔ ሁለት ወቅት ተሳትፌያለሁ። እዚህ የምገመግመው በ2017 ዓ.ም. የነበረውን ነው።

ወረቀቱን ከሌሎች የግምት ጨዋታዎች የሚለየው አከፋፈሉ ነው። ትንበያው እንደ ቡናው በሦስት ዙር ይሄዳል። በአቦል ዕጩዎቹ ሳይታወቁ በየዘርፉ ማን ዕጩ እንደሚሆን ይጻፋል። በቶና ዕጩዎቹ ከታወቁ በኋላ፣ የሆሊውድ የሙያ ማኅበራት (የፕሮዲውሰሮች፣ የዳይሬክተሮች፣ የተዋንያን) ግን ገና ሳይሸልሙ፣ አሸናፊው ይተነበያል። በበረካ ደግሞ ምልክቱ ሁሉ ከታየ በኋላ በመጨረሻው ሳምንት የመጨረሻው ቃል ይሰጣል። በአቦል የተገኘ ትክክለኛ መልስ 3 ነጥብ፣ በቶና 2፣ በበረካ 1 ያስገኛል፤ ቀጭን በሆነው ቡና ላይ የሚጻፈው ትንበያም ቀላል ስለሆነ ፍርዱ ተገቢ ነው። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ «ምክንያት» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ምክንያት ያልተጻፈበት መልስ ትክክል ቢሆን እንኳ ነጥብ አይቆጠርለትም። መጀመሪያ በተሳተፍኩበት ወቅት ይህን ሕግ ከበድ ያለ ነው ብዬ ብጠይቅ ባለቤቷ እትዬ ሲኒውን እያቀረቡልኝ፣ «አብሽር ልጄ፣ አንተ ምክንያቱን ጻፈው፤ መልሱ በራሱ ጊዜ ይመጣል» አሉኝ። ዛሬ ይህች መስመር የወረቀቱ ትልቁ ዋጋ እንደሆነች አምናለሁ።

እንደዚህ የምለው ዕጩን መተንበይና አሸናፊን መተንበይ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ኦስካርን በሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ውስጥ ዕጩዎችን የሚለየው እያንዳንዱ የሙያ ክፍል ነው፤ ተዋንያንን ተዋንያን፣ ዳይሬክተሮችን ዳይሬክተሮች ይጠቁማሉ፤ የምርጥ ፊልም ዕጩዎችን ግን ሁሉም አባላት ይጠቁማሉ። በዚህ ደረጃ መራጮች ምርጫቸውን በቅደም ተከተል ስለሚጽፉና ትልቁን ሚዛን የሚይዘው አንደኛ ላይ የተጻፈው ስለሆነ፣ ከልብ የሚወዱት ጥቂት ሰዎች ያሉት ሥራ ሁሉም «ደህና ነው» ከሚለው ሥራ ቀድሞ ሊገባ ይችላል። ወደ መጨረሻው ድምፅ ሲደረስ ደግሞ ወደ 10,000 የሚጠጉት አባላት በሁሉም ዘርፍ ይመርጣሉ፤ ያን ጊዜ ሰፊ ተቀባይነት ያለው ይጠቀማል። የአቦልን ወረቀት የሚሞላ ሰው «ይህን ሥራ አንደኛ አድርጎ የሚጽፈው ማን ነው?» ብሎ ነው መጠየቅ ያለበት። የበረካን ወረቀት የሚሞላ ሰው ግን ጥያቄው «ይህን ሥራ የማይጠላው ስንት ነው?» መሆን አለበት።

ይህ በተለይ የሚሠራው በምርጥ ፊልም ዘርፍ ነው፤ ሌሎቹ ብዙ ድምፅ ባገኘ ሲጠናቀቁ ይህ ዘርፍ ብቻ በቅደም ተከተል ይቆጠራል። በጥር አንድ ምሽት ነገሩ ያልገባው አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሲጠይቅ እትዬ ያልተቆላ ቡና አፍሰው በረከቦቱ ጠርዝ ላይ ደረደሩ። ሃያ ፍሬ ሃያ መራጭ ነው አሉ። ስምንቱን በአንድ ሲኒ፣ ሰባቱን በሁለተኛው፣ አምስቱን በሦስተኛው ፊት አኖሩ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ ትንሹን ሲኒ ደፉና አምስቱን መራጮች «ሁለተኛ ያላችሁት ማንን ነው?» ብለው እንደመጠየቅ አራቱን ወደ ሁለተኛው፣ አንዱን ወደ አንደኛው ሲኒ ገፉ። ሰባት የነበረው አሥራ አንድ፣ ስምንት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ልጁ ፍሬዎቹን ቆጥሮ፣ መልሶ ቆጥሮ፣ ወረቀቱን ተቀበላቸውና አንደኛ ያደረገውን ፊልም ሰረዘ። እንዲህ ያለ ማብራሪያ በየትኛውም የትንበያ ገጽ ላይ አላገኘሁም፤ ለቤቱ ከምሰጠው ምስጋና ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም ይህ ነው።

ወረቀቱ በዚያ ወቅት የተፈተነው በአስቸጋሪ ውድድር ላይ ነበር። ታኅሣሥ 27፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በጎልደን ግሎብ የፊልም ሽልማት ሥነ ሥርዓት «አኖራ» የተባለው ፊልም አንድም ሽልማት ሳያገኝ ወጣ። «ዘ ብሩታሊስት» በድራማ፣ «ኤሚሊያ ፔሬዝ» በሙዚቃዊና አስቂኝ ፊልም አሸነፉ። በማግሥቱ ቡና ቤቱ ውስጥ «አኖራ» አበቃለት የሚል ብዙ ነበር። ሆኖም ጎልደን ግሎብን የሚመርጡት የአካዳሚው አባላት ሳይሆኑ የፊልም ጋዜጠኞች ናቸው፤ ስለዚህ ወሬውን ያሟሙቃል እንጂ የአካዳሚውን ልብ አያሳይም። የሙያ ማኅበራቱ ግን ከአካዳሚው ጋር የሚጋሯቸው አባላት ስላሏቸው ይመዝናሉ። የካቲት 1 ቀን የፕሮዲውሰሮችም የዳይሬክተሮችም ማኅበር በአንድ ሌሊት «አኖራ»ን ሲመርጡ የውድድሩ መልክ ተለወጠ። በተለይ የፕሮዲውሰሮቹ ማኅበር ልክ እንደ አካዳሚው በቅደም ተከተል የሚቆጥር ስለሆነ ምልክትነቱ ከሌሎቹ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ «ኮንክሌቭ» የካቲት 9 ቀን ባፍታን (የብሪታንያን የፊልም አካዳሚ ሽልማት)፣ የካቲት 16 ቀን የተዋንያን ማኅበርን የተዋንያን ቡድን ሽልማት ወስዶ እንደገና አወዛገበን። ምልክት ሁሉ ደግሞ ይሳሳታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሮዲውሰሮቹም የዳይሬክተሮቹም ማኅበር «1917»ን መርጠው ሳለ ኦስካሩን «ፓራሳይት» ነው የወሰደው፤ እሱም ቀድሞ የተዋንያን ማኅበሩን የቡድን ሽልማት አግኝቶ ነበር።

የአቦል ዙር በዚያ ዓመት ከታሰበው በላይ ረዝሟል። ዕጩዎቹ ሊገለጹ የታሰበው ጥር 9 ቀን ነበር፤ በሎስ አንጀለስ በተነሣው ቃጠሎ ምክንያት ወደ ጥር 15 ተዛወረ። ባለቤቷም የማስረከቢያውን ቀን ወዲያው አራዝመው በበሩ ላይ ለጠፉ። ዕጩዎቹ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነበቡ በዳይሬክተር ዘርፍ ኤድዋርድ በርገርን ጽፌ ነበር፤ የዳይሬክተሮቹ ማኅበር አጭቶት ስለነበር አልተጠራጠርኩም። የተጠራችው ግን የ«ዘ ሰብስታንስ» ዳይሬክተር ኮራሊ ፋርጃ ናት። በምክንያት መስመሬ ላይ «ማኅበሩ አጭቶታል» ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ግን ፋርጃን ጽፈው ምክንያታቸውን «የዳይሬክተሮች ክፍል አነስተኛ ነው፣ ደፋር ሥራንም ይወዳል» ብለውታል። የእሳቸው መስመር ስለመራጮቹ የሚናገር ሲሆን የእኔ ስለሌላ ሽልማት ነበር፤ ልዩነቱን ያየሁት ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው።

እኚሁ መምህር በዋና ተዋናይት ዘርፍም በቶና የ«አኖራ»ዋን ሚኪ ማዲሰንን ጽፈው በበረካም አልቀየሯትም። ዴሚ ሙር ጎልደን ግሎብንና የተዋንያን ማኅበሩን ሽልማት ስለወሰደች አብዛኞቻችን እሷን ጽፈናል። እሳቸው የጻፉት ግን ባፍታን ማዲሰን እንደወሰደች፣ በ2021 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ሆፕኪንስ ቻድዊክ ቦዝማንን፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ኦሊቪያ ኮልማን ግሌን ክሎዝን ሲያሸንፉ ሁለቱም ቀድመው ባፍታን ወስደው እንደነበር ነው። ይህ ሕግ ነው ማለት አይደለም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ባፍታን ኬት ብላንሼት ብትወስድም ኦስካሩን ያገኘችው ሚሼል ዮ ናት። የመምህሩ ምክንያት ግን በ«አኖራ» ላይ የአካዳሚው ፍቅር እንዳለ ስለጨመረ ከቁጥር በላይ ሆኖ ነበር። ረዳት ተዋንያኑ፣ ዞዪ ሳልዳኛና ኪራን ከልኪን፣ በወቅቱ ሁሉ ስላሸነፉ በእነሱ ላይ የሚለያይ ሰው አልነበረም።

በውጭ አገር ፊልም ዘርፍ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ደንበኞች ወረቀቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት እዚያ የእኛ አገር ስም ይኖር እንደሆነ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የላከችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን «አትሌቱ»ን። በዚህ ዘርፍ እያንዳንዱ አገር አንድ ፊልም ብቻ ይልካል፤ ከዚያ 15 ፊልሞች ተጣርተው ይወጣሉ፤ ከእነሱም አምስቱ ዕጩ ይሆናሉ። ወረቀቱ የተጣራውን ዝርዝር በጀርባው አትሞ ስለሚያቀርብ ሰው ከ15ቱ ውጭ ጽፎ አይደክምም። በዚያ ወቅት 13 ጊዜ የታጨው «ኤሚሊያ ፔሬዝ» ይወስደዋል ብለን ስንጽፍ የብራዚሉ «አይም ስቲል ሂር» አሸንፎ ለአገሩ የመጀመሪያውን ኦስካር ሰጠ። እሱም በምርጥ ፊልም ታጭቶ ነበር፤ ያን ምልክት ዝርዝሩ ውስጥ እያየነው አልፈነዋል።

ሥነ ሥርዓቱ የዋለው የካቲት 23፣ በዓድዋ ቀን ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ወደ የካቲት 24 በሚያነጋው ሌሊት 9 ሰዓት ሆነ። ያን ሰሞን ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ነበር። ቡና ቤቱ ሌሊቱን ከፍቶ ለሙስሊም እንግዶች ሱሑር አቀረበ፤ ጾም ለያዝነው ክርስቲያኖች ደግሞ ያልጠጣነው ቡና በሌላ ቀን እንዲሰጠን ስማችን ተመዘገበ። አዛን ሲል ድምፁ ተዘጋ፤ ለሶላት የወጡት እስኪመለሱ ድረስ የተሸለሙትን አንድ ወጣት በሰሌዳው ላይ በጠመኔ እየጻፈ ጠበቃቸው። ይህን ማንም አላዘዘውም። ማዲሰን ስትጠራ ጦሳ ላይ ብርሃን ወጥቶ ነበር፤ መምህሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ዝም ብለው ተቀመጡ፣ ሌላው ሁሉ ግን ወደ እሳቸው ዞረ። «አኖራ» በአምስት ሽልማት ሲጨርስ ግማሽ ኪሎው ቡና የማን እንደሆነ ያለ ቆጠራ ታወቀ።

ጉድለቶቹን ልናገር። የመጀመሪያው፣ ተሳታፊው የጻፈው ወረቀት ቅጂ በእጁ አይቀርም። ምክንያት ማስጻፍ ትልቅ ነገር ሆኖ ሳለ የጻፉትን መልሰው ካላዩት ለሚቀጥለው ዓመት የሚማሩበት ነገር ያንሳል፤ የእኔ የአቦል ወረቀት ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ከረከቦቱ ሥር ሲገኝ ሁለቱ መስመሮች በቡና ተበልተው ነበር። ሁለተኛው የነጥቡ አሰጣጥ ነው፤ በሦስቱ የአጭር ፊልም ዘርፎች የሚገኘው ነጥብ ከምርጥ ፊልም ጋር እኩል ነው፤ እነዚያን ፊልሞች ማናችንም ስላላየናቸው ደረጃው በዕድል ይናጋል፤ ግማሽ ነጥብ ቢሰጣቸው ይበቃ ነበር። ሦስተኛው የስም አጻጻፍ ነው፦ አንዱ ፊልም በፊት ገጽና በጀርባ በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሁለት ፊልም መስሎ አከራክሮናል። የመቀመጫው ጥበት ግን በዚያ ብርድ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

ይህን ሁሉ መዝኜ፣ ፊልም የሚወድ የደሴ፣ የኮምቦልቻም ሆነ የሐይቅ ሰው ወረቀቱን እንዲሞላ ከልቤ እመክራለሁ፤ ከ2018 ዓ.ም. ወቅት ጀምሮ የሚሞላ ሰው ሁለት ለውጦችን ይያዝ። የተዋንያን መረጣ (ለፊልም ተዋንያንን የመመልመል ሥራ) በዚያ ወቅት እንደ አዲስ ዘርፍ በመጨመሩ ዘርፎቹ ከ23 ወደ 24 ከፍ ብለዋል። አካዳሚው ደግሞ አንድ አባል በአንድ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ ለመስጠት የዘርፉን ዕጩ ፊልሞች በሙሉ ማየት አለበት የሚል ደንብ አውጥቷል፤ ይህ በደንቡ መሠረት ከተፈጸመ፣ በስም ብቻ ይመረጡ የነበሩ ሥራዎች ይጎዳሉ፣ ጥቂት ሰው ያያቸው ደግሞ ይጠቀማሉ ብዬ በአቦሌ ላይ እጽፋለሁ። ሰኔ ላይ ቡና ልጠጣ ስገባ እትዬ ከመደርደሪያው ላይ አንድ እሽግ የካርቦን ወረቀት አውርደው አሳይተውኛል። ወረቀቱ እንደወትሮው ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ይታደላል።