የመኪና ወንበር የምትቀይሩ፣ የኤርባግ መብራቱን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

ወገኖቼ፣ በተለይ ከደብረ ማርቆስና ከፍኖተ ሰላም ዕቃ ፍለጋ ባሕር ዳር የምትመላለሱ፣ እኔ ላይ የደረሰው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የ2008 ሞዴል ያሪስ አለችኝ። የፊት ወንበሮቿ ስፖንጅ አልቆ ወገቤን ሲጨርሰኝ፣ ባሕር ዳር ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ሁለት የቆዳ ወንበር በ45 ሺህ ብር ተስማማሁ። አሮጌዎቹን በ6 ሺህ ያዘልኝ። «የእርስዎው መኪና ወንበር ነው፣ ቦሎኑ እንኳ አይለይም» አለኝ። እውነትም ቦሎኑ ልክ ገባ።

መኪናው ሲነሳ ግን ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው ከረጢት) ማስጠንቀቂያ መብራት አልጠፋም አለ። የሚገጥመው ልጅ «ይሄ ቀላል ነው፣ ሻይ ጠጥተው ይምጡ» አለኝ። ስመለስ መብራቱ የለም። ቀሪውን ብር ቆጥሬ ሰጥቼ፣ ተባረክ ብዬው ወጣሁ።

ከሁለት ወር በኋላ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ለሌላ ጉዳይ ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ቁልፉን አዙሮ ዳሽቦርዱን አየና «ጋሼ፣ የኤርባጉ መብራት የት ሄደ?» አለኝ። ተሠርቷል አልኩት። «ከተሠራማ መጀመሪያ በርቶ ነበር የሚጠፋው» ብሎ ዳሽቦርዱን ፈታው። ከምልክቱ ጀርባ ጥፍር የምታህል ጥቁር ፕላስተር ተለጥፋለች። ወንበሩን ሲያነሳው ደግሞ ከወለሉ የሚወጣው ቢጫ ሶኬት በፌስታል ተጠቅልሎ ምንጣፉ ሥር ተወትፏል። የሚሰካበት የለውማ! የገዛሁት ወንበር ጎኑ ላይ ኤርባግ የለውም። የእኔ አሮጌው ነበረው፤ በ6 ሺህ ብር ያስረከብኩት ከነኤርባጉ ነው። ሻጩ ጋ ስደውል «ተሽጧል» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክም አያነሳ።

በእነዚያ ሁለት ወራት ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ሁለት ጊዜ የዓባይን በረሃ ወርጃለሁ። የኤርባጉ ኮምፒውተር አንድ ቦታ ጉድለት ካየ፣ በብዙ መኪና የመሪውም ኤርባግ ጭምር በአደጋ ጊዜ ላይፈነዳ ይችላል። መብራቱ የሚበራው ይህንኑ ሊነግረን ነበር። ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ወንበር ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ወንበር በበሩ በኩል ጎኑን እዩት። «SRS AIRBAG» (ኤስ አር ኤስ ኤርባግ) የሚል ጽሑፍ ካለው የምትገዙትም ይኑረው። ከሥር ያሉትን ሶኬቶችም በቁጥርና በቅርፅ አስተያዩ፤ ቢጫው የኤርባግ ወይም የቀበቶ መወጠሪያ ነው። ቢጫው ከመነካቱ በፊት መኪናው በቁልፉ ይጥፋ፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ቶዮታ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ ይላል። ኤርባጉን በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ልለካ የሚል ካለ አስቁሙት፣ እጁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ወንበሩ ወጥቶ ሳለም ቁልፍ አታዙሩ፤ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ይመዘግብና ሶኬቱ ተመልሶ ቢሰካም መብራቱ ላይጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ የኤርባግ ኮድ የሚያነብ ማሽን ያስፈልጋል፤ የሞተሩን ብቻ የሚያነበው ርካሹ ማሽን አያየውም።

ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን ራሳችሁ አዙሩ። በቶዮታ መብራቱ 6 ሰከንድ ያህል በርቶ ይጠፋል። ጨርሶ ካልበራ ሸፍነውት ወይም ነቅለውት ሊሆን ይችላል። ከዚህም የከፋ አለ፦ ሶኬቱ ላይ በኤርባጉ ፋንታ 2 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ሰክተው ኮምፒውተሩን ያታልሉታል። ያን ጊዜ መብራቱ በደንቡ በርቶ ይጠፋል፤ ኤርባግ ግን የለም። ስለዚህ በመብራቱ ብቻ አትርኩ፣ ጎንበስ ብላችሁ ቢጫው ሶኬት የት እንደተሰካ በዓይናችሁ እዩ።

እኔ ፕላስተሩን አስነስቼዋለሁ። መብራቱ ፊቴ ላይ እንደበራ ነው፤ ትክክለኛው ወንበር እስኪገኝ ቤተሰቤ አዲስ አበባ የሚሄደው በአውቶቡስ ነው። ኤርባጉ ያልፈነዳ፣ ቢጫ ሶኬቱ ያልተቆረጠ የያሪስ የፊት ወንበር ጎጃም ውስጥ ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።