ደብረ ብርሃን ላይ የማኅበራችንን ኢሜይል ላተረፈልን ልጅ ምስጋና

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን፣ ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ደብረ ብርሃን የምትኖሩ፣ ከመሐል ሜዳም ከደብረ ሲናም ለኮምፒውተር ጉዳይ ወደዚህ የምትመጡ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የመንዝ ሱፍ ለሚፈትሉ እናቶችና ባና እና ዝተት የሚባሉትን የሱፍ ልብሶች ለሚሠሩ ሸማኔዎች የማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ትእዛዝ የሚመጣልን በኢሜይል ነው። የደንበኛው አድራሻ፣ የተስማማንበት ዋጋ፣ ልኩና ቀለሙ፣ የናሙናው ፎቶ፣ ሁሉም እዚያ ነው። የተቀመጠው ደግሞ ቢሮ ባለችው ኮምፒውተር ውስጥ፣ ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል በሚባል ፕሮግራም ነበር። "ስልክሽ ላይ ክፈቺው" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ ስልኩ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ኔትወርክ ኖረም አልኖረም የአምናውን ትእዛዝ ከፍቼ ለሸማኔው ማንበብ ነው።

ያ ፕሮግራም ለካ የሠሪው ድጋፍ ከጥር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞበታል። እንደምንም ሲሠራ ከርሞ በመጨረሻ ማለፊያ ቃል ደጋግሞ መጠየቅ ጀመረ። አዲስ ደብዳቤ መግባቱም ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ገና ሳያየው "ፎርማት ይደረግ" አለ፤ ውስጧ ያለው ሁሉ ይጥፋ ማለት ነው። ደብዳቤዎቹስ ስለው "አሮጌ ኢሜይል ምን ያደርግልሻል?" ነው መልሱ። ሌላው ቀብድ ተቀበለ፣ ማለፊያ ቃላችንን ወረቀት ላይ አስጻፈኝ፣ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ሥር አስቀምጦ "ነገ ነይ" ሲለኝ ከረመ። ስወስዳት አቧራዋ እንኳ አልተነካም። ቀብዱም በዚያው ቀረ። አዲስ አበባ ድረስ፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአውቶቡስ ተሸክሜያት ሄጃለሁ። እዚያ የጠሩልኝ ዋጋ ከኮምፒውተሯ ዋጋ ይበልጣል። ስመለስ ሸኖ እስክንደርስ አልቅሻለሁ። የሰው አደራ ነው እኮ የያዝኩት!

ይህን ልጅ የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ቢሮ ድረስ መጣ። ቁጭ ብሎ ምንም ሳይነካ "እትዬ፣ መጀመሪያ ቅጂ እናስቀምጥ። ከዚያ ወዲያ ምንም ቢበላሽ ደብዳቤዎ አይጠፋም" አለኝ። ሁሉንም ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጠ። ቀጥሎ ወረቀት አወጣና የእያንዳንዱን ፎልደር ስምና በውስጡ ያለውን የደብዳቤ ብዛት መመዝገብ ጀመረ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን "ነገ እመጣለሁ" ብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ጋቢ ተከናንቦ ጠበቀ። የደብረ ብርሃንን የማታ ብርድ ታውቁታላችሁ።

መብራት ሲመጣ ተንደርበርድ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም ጫነልን። ፋየርፎክስን የሠሩት የሞዚላ ሰዎች ያወጡት ነው። ገና የሚሞከር ነገር እንዳይሆን ፈርቼ ነበር፤ 1.0 የተባለው የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም የወጣው በ1997 ዓ.ም. ነው ሲለኝ ልቤ አረፈ። በነጻ እንደሚገኝም አልደበቀኝም። "የሚከፍሉኝ ለድካሜ ነው፣ ለፕሮግራሙ አይደለም" አለ።

ደብዳቤዎቹን እንዴት እንዳሻገራቸው አልገባኝም፣ አትጠይቁኝ። ሲጨርስ ግን ያንን ወረቀት መልሶ ዘረጋው። ፎልደር በፎልደር ቆጠርን። አንዱ ላይ ጎደለ። ደክሞኝ ስለነበር "ጥቂት ናቸው፣ ይቅሩ" አልኩት። እምቢ አለ! ፈልጎ ፈልጎ አገኛቸው፤ ፎቶ የተያያዘባቸው ከባድ ከባድ ደብዳቤዎች ነበሩ። እንደገና ቆጠርን፤ ልክ መጣ። የኛ ላልሆነ ሰው ምኑ ነው? እሱ ግን የራሱ ንብረት የጠፋበት ያህል ነው የፈለገልን።

ማለፊያ ቃል የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ መስኮት መለሰ። "እርስዎ ይጻፉት፣ እኔ ማወቅ የለብኝም" አለ። ያ ቀብድ የበላኝ ሰው ያስጻፈኝን ስነግረውም በዚያው አስቀየረኝ። አሮጌውን ፕሮግራም ቶሎ እንዳላጠፋው፣ አዲሱን እስክለምድ ጎን ለጎን እንዲቆይም መከረኝ። ደብዳቤ እንዴት እንደሚላክ፣ ፎቶ እንዴት እንደሚያያዝ በአማርኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈልኝ። ለጠበቀበት ሰዓት ልጨምርለት ብል አልተቀበለም።

እጁ ይባረክ። ያሳደጉት ይባረኩ። እናቶቹ ሁሉ መርቀውታል።

ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጻፍኩም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ ስልኩን እልክላችኋለሁ። በተለይ "ፎርማት ይደረግ" የተባላችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት እባካችሁ መጀመሪያ ለእሱ አሳዩት።