የደረት ራጅ እያዩ እርም ለሚያስወጡት ባለሙያዎች

ምስጋናችን ሃዋይ ሂካም ላሉት የዲፒኤኤ (በጦርነት የጠፉ አሜሪካውያንን የሚፈልገው የመከላከያ መሥሪያ ቤት) የአፅም ባለሙያዎችና ደላዌር ዶቨር ላሉት የዲኤንኤ ባልደረቦቻቸው ይድረስ። ኮሪያ ዘምቶ የቀረ፣ ለቅሶው ያለ ሬሳ የተለቀሰለት የ19 ዓመት ልጅ ስሙ የሚመለስለት በእነሱ እጅ ነው። ዛሬም ከ7,400 በላይ አሜሪካውያን ከዚያ ጦርነት አልተገኙም። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ከእነሱ ብዙ ሰው የቀረው ሰሜን ኮሪያ ቾሲን ሐይቅ ዳር፣ በ1950 ኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ ነው። ከሐይቁ ምሥራቅ የተከበበው ኃይል ውስጥ የ32ኛ ሬጅመንት 1ኛ ሻለቃ ነበረበት፤ በዓመቱ ቃኘው ሻለቃ የተመደበበት ያው ሬጅመንት። ቃኘው ሬሳ ጥሎ አልተመለሰም እያልን ለምንኮራ ሰዎች ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ሐይቁ ዳር የተከበበው የ1ኛ ሻለቃ አዛዥ ዶን ፌይዝ አፅሙ የተገኘው በ2004፣ ማንነቱ የተረጋገጠው በ2012 ነው።

ሥራው ለምን ይከብዳል? በ1954 ሰሜን ኮሪያ ካስረከበችው አፅም ያልታወቀው ሆኖሉሉ ተቀበረ፤ ከሌላው ያልታወቀ የኮሪያ አፅም ጋር ተደምሮ ከ800 መቃብር በላይ ሆነ። ከዚያ በፊት ግን ጃፓን ኮኩራ ላይ አጥንቱ እንዳይፈርስ ፎርማልዴሃይድ ያለበት ዱቄት ተደርጎበት ነበር። አጥንቱ ጠነከረ፣ ዲኤንኤው ግን ተቆራረጠ። እዚህ ላይ ነው የእነዚህ ሰዎች ብልሃት። ምልምል ሁሉ ሲቀጠር ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የደረት ራጅ ይነሣ ነበር፤ ራጁ ላይ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የዚህ አጥንት ጥምዝና ጠርዝ ከሰው ሰው ይለያል። ባለሙያው ከመቃብር የወጣውን አጥንት በዚያው ማዕዘን ራጅ አንሥቶ ከልጁ የድሮ ፊልም ጋር ጎን ለጎን ያያል። አጥንቱ ከጠፋ ወይም ፊልሙ ካልተገኘ ግን መንገዱ ይዘጋል፤ ያኔ ጥርስ፣ ቁመት፣ እንዲሁም ከ2016 ወዲህ የተቆራረጠ ዲኤንኤ የሚያነበው ዘዴ ይቀራል።

የሣጥኖቹ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከ1990 እስከ 1994 ሰሜን ኮሪያ 208 ሣጥን ሰጠች፤ ሲከፈት ወደ 400 የሚጠጋ ሰው አጥንት ተደባልቆ ተገኘ። በ2018 የመጡት 55 ሣጥኖችም እንደዚያው ናቸው። ያለ ቤተሰብ የዲኤንኤ ናሙና ይህን መለየት እጅግ ይከብዳል።

ጥቆማችን እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ በትዳር የተዛመዳችሁትና አረጋውያን የምትንከባከቡ፣ ግድግዳ ላይ የወታደር ልብስ የለበሰ ልጅ ፎቶ አይታችሁ «ወንድሜ ነው፣ ኮሪያ ቀረ» ከተባላችሁ ለቤተሰቡ ንገሩ። የምታስታምሟቸው ሰው ናሙና የሚሰጡት በፈቃዳቸው፣ ልጆቻቸው እያወቁ ይሁን። ልጁ ያገለገለበት ጦር የሟቾች ጉዳይ ክፍል ሲጠየቅ የጉንጭ ናሙና መውሰጃውን በነፃ በፖስታ ይልካል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ናሙናውን ማን ይስጥ የሚለው ላይ ነው። በብዛት የሚፈለገው በእናት በኩል ብቻ የሚወርደው ዲኤንኤ ነው፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ብዙ ቅጂ ስላለው በአሮጌ አጥንት ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ እህት፣ ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ የእናት እህትና የእሷ ልጆች ይሆናሉ። በእናት የምትገናኝ እህት ትሆናለች፣ በአባት ብቻ የምትገናኝ አትሆንም። የወታደሩ የገዛ ልጅ የምትወርሰው የእናቷን ነው፤ ለሌላው ዓይነት ምርመራ ግን ትጠቅማለች። ሚስትና የማደጎ ልጅ አይረዱም። ለዘር ሐረግ ተብሎ በገንዘብ የተሠራ ምርመራም ይህን አይተካም።

ፋይሉም ይጠየቅ። በ1973 የሴንት ሉዊስ ቃጠሎ የሠራዊቱ የግል ማኅደር አብዛኛው ነደደ፤ የሟች ማኅደር የሚባለው ግን ሌላ ቦታ ስለነበር ተርፏል፤ የጥርስ ሰንጠረዥና የመጨረሻ የታየበት ቦታ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አለ። ናሙና ከሰጡ በኋላ ዓመታት ዝም ቢባል ተጣለ ማለት አይደለም፤ የሚመጥነው አጥንት እስኪመጣ ይጠብቃል። ስልክና አድራሻ ሲቀየር አለማሳወቅ ነው ጉዳቱ። ውጤቱ ሲመጣ ጓዙንም ቀብሩንም መንግሥት ይችላል፣ ሆኖሉሉ ላይ የጠፉት ስም በተቀረጸበት ግድግዳ ከስሙ ጎን ትንሽ የጽጌረዳ ምልክት ትለጠፋለች።