ለጋሽ ኃይሉ መርጊያ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹን ጋሽ ኃይሉ መርጊያን በአደባባይ ላመሰግን ካሰብኩ ቆየሁ። ኪቦርድ ያለ አስተማሪ ለምትለማመዱ ልጆች ደግሞ ሥራቸውን ልጠቁማችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አኮርዲዮን የጀመሩት በ14 ዓመታቸው ነው፤ የለመዱትም በራሳቸው። በኋላ በኦርጋንና በኪቦርድ ከዋልያስ ባንድ ጋር አዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሠሩ። በ1977 የወጣውን «ቼ በለው» አልበም ስሙት። እዚያ ላይ ያለው የግርማ በየነ ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት» ድምፃዊ የለውም። ግን ቤዙና ኦርጋኑ ሲቀባበሉ ዘፋኝ ትዝ አይላችሁም። ጃዙም ፈንኩም አለበት፣ ዜማው ግን የእኛው ነው።

በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፣ ጋሽ ኃይሉም እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብቻቸውን ስቱዲዮ ገቡ። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን እየደራረቡ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን አልበም በካሴት ቀዱ። ለእኔ ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ብዙዎቻችን አኮርዲዮንን የድሮ ዕቃ አድርገን ትተነው ነበር፤ እሳቸው ከማሽን ጋር አጋጥመው ክብሩን መለሱለት።

ከዚያ ረጅም ዝምታ መጣ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዱ ነበር። ኪቦርዳቸውን መኪናው ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እየጠበቁ ይለማመዱ ነበር። አልበም የለ፣ መድረክ የለ፣ ጣታቸው ግን አልቦዘነም። ከምንም በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ነው።

አሜሪካዊውን የሙዚቃ አሳታሚ ብራያን ሺምኮዊትዝንም ሳላመሰግን አላልፍም። የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ዝም ብሎ አላባዛውም፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለ። በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለው አሳታሚ ድርጅቱ በኩል እንደገና አወጣው። ካሴት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲገለበጥ ላደግን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጋሽ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን የተባሉ አዳዲስ አልበሞች አወጡ።

ለማጆች፣ ከ«ሸሞንሟናዬ» ጀምሩ። መጀመሪያ የቀኝ እጁን ዜማ ብቻ ተከተሉ፣ የግራው ቀስ ብሎ ይመጣል። በፍጥነት አትሩጡ፤ እሳቸውም አይሮጡም። ሌሊት መኪና ለምትነዱ ደግሞ «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን አልበማቸውን ክፈቱ። አቅም ያላችሁ ገዝታችሁ ስሙ፣ ከተማችሁ ከመጡም ትኬት ቁረጡ።

ጋሽ ኃይሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።