ከቴአትር በፊት የት እንብላ? ሐይቁ ዳር ወይስ መንደር ውስጥ?

ባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ቴአትር ለማየት የሚመጣ እንግዳ ካለኝ፣ የራት ቦታ የምመርጠው ከሁለት ነው፦ ጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች አንዱ፣ አለዚያም ከዋናው መንገድ ገባ ብለው ያሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች።

ሐይቁ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የደንገል ታንኳ ሲያልፍ እያዩ መብላት ልብ ያሳርፋል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ ይመጣል፤ ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ቆዳው ሲነኩት እየተንኮሻኮሸ። ሎሚ ጨመቅ፣ ሚጥሚጣ ነስነስ አድርጎ በእጅ ነው የሚበላው። አጥንት የሚፈራ ሰው የአምባዛ ጉላሽ ይዘዝ። ታዲያ ለነፋሱም ይከፈላል። የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑን ሳትጠይቁ አትዘዙ፤ እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ሒሳቡ ሲመጣ ደንግጫለሁ። ትልቁን ዓሣ ለሁለት ማዘዝም ያዋጣል።

መንደር ውስጥ ያሉት ቤቶች እይታ የላቸውም፤ ወንበሩም ጠባብ ነው። ነገር ግን ተጋቢኖው በሸክላው ላይ እየተንተከተከ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በያይነቱ አለ፦ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በአንድ እንጀራ ላይ። ባለቤቷ «ወጥ ልጨምርላችሁ?» ትላለች፤ ለጭማሪው አታስከፍልም።

ቴአትሩ ሊጀምር አንድ ሰዓት ብቻ ከቀረ ያለጥርጥር መንደር ውስጥ እገባለሁ፤ ዓሣው ታዝዞ እስኪጠበስ ጊዜ ይወስዳልና። ሐይቁን ለማግስቱ ምሳ አቆየዋለሁ።