ለትራክተሬ የገዛሁት የናፍጣ ፓምፕ

ሰኔ ላይ፣ መሬቱ ለጤፍ በሚታረስበት ሰሞን፣ የትራክተሬን የዘይት መለኪያ ዘንግ ብመዝ ዘይቱ ከልኩ በላይ ሞልቶ፣ ቀጥኖ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሞተሩ ጎን የታሰረው ሜካኒካል ፓምፕ ዲያፍራሙ (ናፍጣውን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ተቀዶ ናፍጣውን ወደ ዘይቱ ሲያፈስ ከርሟል። በዚያ ዘይት አንድ ቀን ማረስ ሞተር መግደል ነው። ትራክተሩን ወንጂ አካባቢ ማሳ ዳር አቁሜ አዳማ ገባሁ። ተመሳሳዩን ስላጣሁ ባለ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ፓምፕ ለመግጠም ቆረጥሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ያወጣልኝ የቤት መኪና ቤንዚን ፓምፕ ነበር። «ጋሼ፣ ይህ ጉልበተኛ ነው» አለኝ ልጁ። ጉልበቱ 3 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ ለእኔ ግን ግማሽ ባር እንኳ ይበቃኛል። ሥራው ናፍጣውን ከታንኩ አንስቶ፣ በፊልትሮ አሳልፎ ለዋናው ፖምፓ፣ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ለሚረጨው፣ ማቀበል ብቻ ነው፤ ከፍተኛውን ግፊት ፖምፓው ራሱ ይፈጥረዋል። በካርቡራተር፣ ማለትም ቤንዚንን ከአየር በሚቀላቅል ዕቃ፣ ለሚሠራ ሞተርማ ከዚያም ያነሰ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ጎረቤቴ የሽንኩርት ማሳ በሚያጠጣበት ሞተር ላይ የመኪና ፓምፕ አስገጥሞ፣ ቤንዚኑን የሚዘጋው የካርቡራተሩ መርፌ ግፊቱን መመከት አቅቶት ቤንዚኑ ከጋለው ጭስ ማውጫ አጠገብ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልተቃጠለው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። እባካችሁ፣ ሻጭ «ጠንካራ ነው» ሲላችሁ ስንት ባር እንደሆነ ጠይቁ።

ሌላው ባለ ሱቅ የተሻለ ሰው ነበር። ክብሪት ቤት ሦስት አራቱን ደርቦ የሚያህል አራት ማዕዘን ፓምፕ አውጥቶ፣ ለናፍጣም እንደሚሆን ጽሑፉን አሳየኝ። ከባትሪ አገናኝቶ አንዱን ቱቦ የናፍጣ ጀሪካን ውስጥ ነከረው። ቲክ ቲክ ቲክ አለ፤ ናፍጣው ሲደርሰው ድምፁ ረገብ አለ። ሌላውን ቱቦ የአንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ከተን ሰዓት ያዝን፤ ደቂቃ ሳይሞላ ጠርሙሱ ሞላ። በሰዓት ከ60 ሊትር በላይ ማለት ነው። የእኔ ትራክተር ከባድ እርሻ ላይ በሰዓት ከ20 ሊትር ስለማያልፍ ገዛሁት።

አገጣጠሙ ላይ መካኒኬን ተከራከርሁት። እሱ ሞተሩ አጠገብ ሊያስረው ፈለገ፤ እኔ ግን ከታንኩ ሥር፣ ከናፍጣው ከፍታ በታች አስደረግሁት፤ እንዲህ ያለ ፓምፕ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይሻለዋል። ከፊቱ ትንሽ ፊልትሮ፣ በሽቦው ላይ ፊውዝ አስገባን። የአሮጌው ፓምፕ ቀዳዳ በላሜራና በጋስኬት ካልተዘጋ ዘይት ይረጫል፣ እሱንም ዘጋን። ዘይቱን ከነፊልትሮው ቀየርሁ። ሽቦው በቁልፉ በኩል ስለሚያልፍ ቁልፉ ክፍት ከሆነ ሞተሩ ቢጠፋም ፓምፑ መሥራቱን አያቆምም፤ ቱቦ ቢበጠስ ናፍጣውን ሜዳ ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ የዘይት ግፊት ሲወርድ የሚያቋርጠውን ማብሪያ ልጨምርበት ነው።

ድምፁ ሞተሩ ሳይነሳ ያሰለቻል። ግን ፊልትሮ በቀየርሁ ቁጥር በእጅ እየፓምፕሁ አየር ማስወጣት ቀርቷል። ቁልፉን እከፍታለሁ፣ የማስተንፈሻ ቡሎኗን አላላለሁ፤ አረፋው ይወጣል፣ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲከተል አጠብቃለሁ።